አግነስ የሰው ስም አልነበረም

ከአሜሪካ መመለሴን የሰማ የደሴ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁና ስለ በረዶው ነው። ፎቁንም በረዶውንም አይቻለሁ። ይዤ የተመለስኩት ግን አንድ ቃል ነው፤ እሱም የእንግሊዝኛ ቃል አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝና ቃሉን ያገኘሁበትን መንገድ ሳልጽፈው መተው አልቻልኩም።

የሄድኩት ለጉብኝት አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ሚኒያፖሊስ ይኖራል፤ አጠገቧ ባለችው ሴንት ፖል ደግሞ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል። እናታችን ከአሥር ወር በፊት ካረፈች ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እኔ ስደውል "ደህና ነኝ እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ይለኝና መስመሩ ዝም ይላል። ለቀብሯ አልመጣም፣ ለአርባዋም አልደወለም። ተቀይሜው ነበር። ቪዛ ሲሰጠኝ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቅኩና፣ ቅያሜዬንም ሽሮና በርበሬዬንም አንድ ላይ ሸክፌ ተነሳሁ።

ቅዳሜ ጉሙ የጦሳን ተራራ ሳይለቅ ከደሴ ወጣሁ። አዲስ አበባ አድሬ እሑድ በረርኩ።

ሰኞ ሚኒያፖሊስ ልናርፍ ስንል በመስኮት ቁልቁል አየሁ። ነጭ ሜዳ፣ ከዚያ ወዲያም ነጭ ሜዳ። ሳላስበው ተራራ ፈለግኩ። እኛ ቀና ስንል ዓይናችን የሚያርፍበት ነገር ለምደናል፤ እዚያ ግን ዓይን ሄዶ ሄዶ የሚያቆመው የለም። ደረጀ ሻንጣ መቀበያው ጋ ቆሞ ነበር። አሥራ አራት ዓመት አላየሁትም። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ከአባታችን ትከሻ ጋር አንድ ሆኗል። አቅፎኝ ብዙ ቆየ። ሲለቀኝ ግን "መንገድ እንዴት ነበር?" ብቻ አለኝና ወፍራም ጃኬት አለበሰኝ።

ቤቱ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምስር ወጥ ሠርቶ ጠብቆኛል።

"ሁዳዴ መሆኑን አልረሳሁም" አለ።

የምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር ብቻ ነበረው። እኔ ተቀመጥኩ፤ እሱ ምድጃውን ተደግፎ፣ ሳህኑን በእጁ ይዞ በላ። ስለ ቅያሜዬ ላነሳ አፌን ከፈትኩና ቆሞ ሲበላ ሳየው መልሼ ዘጋሁት።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ ሄደ። ቤቱን ጠረግኩ፣ ሳህን አጠብኩ፣ ቆሻሻውን በከረጢት አድርጌ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ብገፋው ብስበው አይሆንም፤ ለካ የዚያ አገር በር ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል። በነጠላና በካልሲ፣ ከረጢት ይዤ ቀረሁ። ደሴ ቢሆን አንድ ጊዜ "ኧረ የሰው ያለህ!" ብል አምስት ሰው ይደርሳል። እዚያ ኮሪደር ውስጥ ስምንት በር አለ፤ ሁሉም ዝግ ነው፤ መጮህም አሳፈረኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

በመጨረሻ አንዲት ሴት የገበያ ዕቃ ይዛ ወጣች። የባሌ ሰው ናት፣ ወይዘሮ ሐሊማ ትባላለች፤ ኦሮምኛ በሚሰማበት አማርኛ "እግርሽ! ነይ ነይ ግቢ፣ በረዶ ሆነሽ!" ብላ ቤቷ አስገባችኝ። ቅርንፉድ ያለበት ሻይ አፈላችልኝ፣ ጾመኛ መሆኔን ጠይቃ ሩዝ በአትክልት ሰጠችኝ፣ እግሬ ላይ ብርድ ልብስ ጣለችብኝ። የማን እንግዳ እንደሆንኩ ስነግራት ሻይዋን አስቀመጠች።

"የዚህ የጎረቤታችን እህት ነሽ? ሦስት ዓመት ሆነን። ሰላም ይላል፣ በሩን ይዘጋል። እኔ ሰው እንዳለው አላውቅም ነበር።"

ይህን ለደረጀ አልነገርኩትም። መቆለፌን ሲሰማ ግን ደነገጠ። ስልኬ ውስጥ የዚያን አገር ሲም ካርድ አስገባልኝና "ነገ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ" አለ። "ቪዚተር ብዬ አስመዘግብሻለሁ። ቢያንስ ሰው ታያለሽ።"

ረቡዕ አብረን ሄድን። መጦሪያው ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ነው፣ መብራቱ ብዙ ነው። ሽማግሌዎቹ በተሽከርካሪ ወንበር በመደዳ ተቀምጠው ልብ የማይሉትን ቴሌቪዥን ያያሉ። እኛ አገር ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ያለፈ ያገደመው ሁሉ እንዴት አደሩ ይለዋል። እዚህም ሠራተኞቹ ክፉ አይደሉም፤ እየሮጡ ነው ሰላም የሚሉት። የዚያ ፎቅ ኃላፊ ሲስተር ገነት የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ምሳ ላይ አይብ ያለበት ዳቦ ቀርቦልኝ ስመልስ አይታ፣ ሳልጠይቃት ሙዝና አጃ አምጥታ በመስኮቱ ዳር፣ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ አስቀመጠችኝ።

"ሚስተር ኮልማን ይባላሉ" አለችኝ። "በልጅነታቸው ከአየርላንድ የመጡ አናጺ ነበሩ። ስትሮክ ከመታቸው በኋላ እንግሊዝኛው ጠፋባቸው። የልጅነት ቋንቋቸውን ነው የሚያወሩት፣ የሚሰማቸው ግን የለም። የስልክ አስተርጓሚም ሞክረን አልያዘልንም። የምንለየው አንድ ስም ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ አግነስን ይጣራሉ።"

"ሚስታቸው ናት?"

"ሚስታቸውማ ማርጋሬት ነበረች፤ ሞታለች። ጣጣው እሱ ነው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ልጃቸው ሺላ እዚሁ ቅርብ፣ ፍሪድሊ ከተማ ትኖራለች፤ የሕክምና መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው ሥራዋ። በየሳምንቱ ነበር የምትመጣው። እሷን እያዩ አግነስ ሲሏት፣ በእናቴ ላይ ሌላ ሴት ነበረችው ብላ ሆዷ ሻከረ። ከመጣች ሁለት ወር አለፋት።"

ገነት ስትሄድ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ሰማያዊ ነው፣ ውኃ አቅርሯል። ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤ ጥያቄ መሆኑ ከድምፃቸው ይታወቃል። አግነስ ነሽ ወይ ያሉኝ መስሎኝ "ኖ፣ አስናቀች" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሌላ ነገር ተናገሩ፤ አግነስ እዚያም ውስጥ አለች። ማስታወሻዬን አወጣሁና የሰማሁትን እንደሰማሁት በፊደላችን ጻፍኩ። ስጽፈው ቃሉ አግነስ ሳይሆን ኡአግነስ መሆኑን ጆሮዬ ለየ።

ሐሙስም ሄድኩ። ደረጀ የሽማግሌውን አንሶላ ሲቀይር እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። በጣታቸው እሱን አሳዩኝና፣ ሰው ስለ ሰው ሲያዝን በሚናገርበት ድምፅ "ታ ኡአግነስ ኤር" አሉኝ። ጻፍኩት።

ያን ዕለት እራት ላይ ሦስቱን መስመሮች ደርድሬ አየኋቸው። ደረታቸውን ሲነኩ፦ ታ ኡአግነስ ኦረም። እኔን ሲጠይቁ፦ አ ዊል ኡአግነስ ኦርት? ደረጀን ሲያሳዩ፦ ታ ኡአግነስ ኤር። አግነስ አትለወጥም፤ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ትንሿ ቃል ናት ከሰው ወደ ሰው የምትለወጠው። ይህን እኮ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

"ደሬ!" አልኩት። "ሰውየው ሰው እየጠሩ አይደለም። ኦረም፣ ኦርት፣ ኤር፤ ብኝ፣ ብሽ፣ በት ማለት ነው። የሆነ ነገር አለብኝ ነው የሚሉት። እኔንም አለብሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ።"

"እኔንስ ምን አሉኝ?"

"አለበት።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "ምንድን ነው ያለብኝ?"

"እሱን አላወቅኩም።"

"ሕመም ቢሆንስ?" አለ። "እኛ እኮ ቻርቱ ላይ በየቀኑ ፔይን የለም ብለን ነው የምንጽፈው።"

እሱ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ዓርብ ደረጀ ሥራ ሲሄድ እኔ ቤተ መጻሕፍት ፍለጋ ወጣሁ። ግሪን ላይን የሚሉት ባቡር በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ቀጥ ብሎ ሴንት ፖል እንደሚያደርስ ነግሮኛል። ቀጥ ብሎ ግን በሁለት በኩል ነው የሚሄደው፤ እኔ የተሳፈርኩት በተቃራኒው ነበር። ፎቅ እየበዛ ሲመጣ ገባኝ። ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቷል፤ ማንን ልጠይቅ? አንዲት ተማሪ የምትመስል ልጅ ፊቴን አይታ ጆሮዋ ላይ ያለውን ነቀለች። አብራኝ ወረደች፣ መንገዱን አሻገረችኝ፣ በትክክለኛው ባቡር እስክገባ በብርዱ ቆማ ጠበቀችኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ያቺን የመጽሐፍ እንግሊዝኛዬን በትዕግሥት ሰማኝ። ኮምፒውተሩን ነካክቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የአየርላንድን ቋንቋ የምታስተምር ሴት እንዳለች ነገረኝና አድራሻውን በወረቀት ጻፈልኝ።

ቅዳሜ ብቻዬን ልሄድ ስነሳ ደረጀ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። "ሺፍቴን ቀየርኩ" አለ። "ምን እንዳለብኝ ልወቅ እንጂ።" ከመጣሁ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

መምህርቷ ብሪጂድ ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች፣ ነጭ ጸጉር ያላት ቀጭን ሴት ናት። ደረጀ ታሪኩን በእንግሊዝኛ ነገራት። ከዚያ እኔ ማስታወሻዬን ከፍቼ ከፊደሉ አነበብኩላት፦ "ታ ኡአግነስ ኦረም።"

እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ይህን አነጋገር ከየት አመጣሽው?" አለች። "ልክ እንደ አባቴ አገር ሰዎች ነው ያልሽው!" የኛ ፊደል ምን ያህል ታማኝ እንደሆነ ያን ዕለት ኮራሁበት። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላና ነገረችን።

"ኡአግነስ ብቸኝነት ነው። ብቸኝነት በእኔ ላይ አለ ነው የሚሉት።"

ደረጀ ሊተረጉምልኝ ጀምሮ መሀል ላይ አቆመ። አላስፈለገኝም፤ ገብቶኛል። ብቸኝነት አለብኝ። እኛም እንደዚያው ነው የምንለው። ለካ ያ ፎቅ ሙሉ ሰው የተጸውዖ ስም ሲፈልግ የኖረው ረቂቅ ስም ላይ ነው።

ብሪጂድ ሁለታችንም መምህራን መሆናችንን ስታውቅ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ተማሪዎቿንም ረሳቻቸው። ቃሉ በእነሱ ሰዋስው ወንዴ ነው አለችኝ። በልማድ ብዙ ቁጥር የለውም፤ በሺህ ሰው ላይ ቢሆንም አንድ ነው። የማን እንደሆነ የሚታወቀው ከፊቱ ነው፦ የእሱ ሲሆን አ ኡአግነስ፣ የእሷ ሲሆን አ ሁአግነስ፣ የእነሱ ሲሆን አ ኑአግነስ። እኔም ወረቀቷ ላይ ጻፍኩላት፦ ብቸኝነቱ፣ ብቸኝነቷ፣ ብቸኝነታቸው። እኛ ከኋላ የምንቀጥለውን እነሱ ከፊት ይቀጥሉታል። ደግሞ ለቦታም ይሆናል አለችኝ፤ ሰው የለቀቀው ቤት፣ ወፍ እንኳ የማይጮኽበት መንገድ ኡአግነስ አለበት ይባላል። "ጭርታ" አልኳት በአማርኛ። አፏ ውስጥ እያገላበጠች ደጋገመችው።

"አለብሽ ወይ ሲሉሽ ምን ብለሽ መለስሽ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አይደለሁም፣ አስናቀች ነኝ።"

ሳቀች። "በእኛ ቋንቋ አዎንም አይደለምም የሚል ቃል የለም። ግሱን ነው የምትመልሺው። ካለብሽ ታ፣ ከሌለብሽ ኒል።"

አለ፣ የለም።

እሑድ ደረጀ እሱ የሚሄድበት የፕሮቴስታንት የአማርኛ ጸሎት ቤት ወሰደኝ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ መዝሙሩ ባይለምድብኝም ቋንቋው አሳረፈኝ። ሰዉ በደስታ ተቀበለኝ፣ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ሰላም አሉኝ። ደረጀ ግን የመጨረሻው ጸሎት ሳያልቅ ክንዴን ነካ አድርጎኝ ወጣን። መኪናዋን ወንዙ ዳር ፓርክ አደረገ። ሚሲሲፒ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኗል። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ፊት ለፊት እያየ ተናገረ።

"እማማ ያረፈች ቀን ስትደውዪ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስልኩን ዘጋሁና የሚስተር ኮልማንን አልጋ አነጠፍኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።"

"ለሰው አልነገርክም? ይሄ ሁሉ አበሻ እያለ?"

"ለማንም። ብነግራቸው ይመጡ ነበር። ቤቴ ሞልቶ፣ አልቅሰው ሲሄዱ ደግሞ ባዶውን ላየው ነው። ፈራሁት።"

"እኔ ጋስ ለምን አትደውልም ነበር?"

"ስትደውዪ ከኋላሽ ድንኳኑ ይሰማል፤ ሰዉ፣ ለቅሶው፣ የሳህኑ ድምፅ። እኔ እዚህ ኪችን ውስጥ ቆሜ ነው። ስዘጋው ይብስብኛል እትዬ። ከሚብስብኝ ብዬ ተውኩት።"

አሥር ወር የያዝኩት ቅያሜ ምን ላይ እንደሚቀመጥ አጣሁ። ስለ እናታችን ጠየቀኝ፤ ማን አጠባት፣ ማን ገነዛት፣ በመጨረሻ ምን አለች። ሁሉንም ነገርኩት። እሱ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። መስተዋቱ በትንፋሻችን ታፍኖ ወንዙ እስኪጠፋብን እዚያ ቆየን።

ሰኞ ብሪጂድ መጦሪያው መጣች። ሚስተር ኮልማን የራሳቸውን ቋንቋ ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ፤ "የት ቆየሽ?" ነበር ያሏት አሉ። ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት አላቋረጡም። ስለ አንድ ጀልባ፣ ስለ ወንድማቸው፣ በጎረቤት ስለ ተሰረቀ አህያ አወሩላት። ሕመም እንደሌለባቸው አረጋገጠችልን። ገነት ያኔውኑ ወደ ሺላ ደወለች።

"ኮል አድርጌላት ነበር" አለችን ተመልሳ። "ሰማችኝ፣ አንድም ቃል አልመለሰችም፣ ዘጋችው።"

ማክሰኞ ሺላ አልመጣችም። እኔ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። ደረጀ "ተይው እትዬ፣ ሰው በጊዜው ነው" አለኝ፤ እሱም ግን ያያል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጣች። ከሥራ በቀጥታ፣ የፋብሪካው መታወቂያ አንገቷ ላይ እንደ ተንጠለጠለ። ሃምሳን ያለፈች፣ ትከሻዋ ሰፊ የሆነ ሴት ናት፤ ዓይኗ የአባቷ ነው። ብሪጂድ የቃሉን ትርጉምና መልሱን ጽፋ የተወችላትን ወረቀት ከገነት እጅ ተቀብላ ብዙ ጊዜ አነበበችው። አባቷ መስኮቱ ዳር ባለው ሶፋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆመች። እኛ እንዲያውቋት ጸለይን።

አላወቋትም። እንግዳ ሰው በሚያዩበት አክብሮት አዩአት። ከዚያ፣ እኔን እንደጠየቁኝ አድርገው ጠየቋት።

"አ ዊል ኡአግነስ ኦርት?"

ሺላ ወረቀቷን አየች።

"ታ" አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሁለት እጃቸው ሶፋውን ተደግፈው፣ በብዙ ድካም፣ ወደ ዳር ተጠጉላት። ስትቀመጥ የብርድ ልብሱን ግማሽ አንስተው ጉልበቷ ላይ አለበሷት። ደረጀ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሺላ አላለቀሰችም፤ ብርድ ልብሱን በጣቶቿ ይዛ ከእሳቸው ጋር በመስኮቱ በረዶውን ታይ ነበር። እናቷን ያልከዳ አባት ተመልሶላታል። ልጁን የሚያውቅ አባት ግን አልተመለሰላትም፤ ይህንን ቃልም ሰዋስውም አያድነውም።

ሐሙስ ወይዘሮ ሐሊማን ልሰናበት ደረጀን ይዤው ገባሁ። ሦስት ዓመት ባልረገጠው ቤት ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ሁለት ሳህን ሩዝ በላ። ወደ አገርህ ተመለስ ልለው ነበር አመጣጤ፤ አልመለስም አለኝ፣ ምክንያቱንም ነገረኝ፣ አልተከራከርኩትም።

ዓርብ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰኝ። እሱ ሊያልፍ ከማይችልበት ገመድ ጋ ተቃቀፍንና ሰልፉ ውስጥ ገባሁ። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ስልኬ ጠራ። ቀና ብል ደረጀ ከገመዱ ወዲያ፣ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። ከእናታችን ሞት በኋላ ራሱ ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ነው።

"ምነው ደሬ? የረሳሁት አለ?"

"የለም።" ድምፁ በአንድ ጆሮዬ ከስልኩ ይሰማኛል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከሩቅ አየዋለሁ። "አጠገብሽ ሆኜ ማለት አቅቶኝ ነው። እትዬ፣ ብቸኝነት አለብኝ። ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።"

ፈታሿ ሴት ስልኩን ሳጥኑ ውስጥ እንዳስቀምጥ ምልክት ሰጠችኝ። አንድ ጊዜ ብዬ በእጄ ለመንኳት። ከኋላዬ ያለው ሰው ሻንጣውን ገፋ አደረገ።

"እኔም አለብኝ" አልኩት። "እሑድ ደውልልኝ።"

ከሩቅ እጁን አነሳ። ስልኩን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩና አለፍኩ።